አልላቀቅም ያለ ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ደሴ ባለው ቤቴ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ጎማ ፊት ተንበርክኬ ነበር። የመኪናዬ የኋላ ጎማ ተንፍሶ አድሯል። ቅያሪው አጠገቤ ተጋድሟል፤ ክሪኩም ቦታውን ይዟል። የጎደለው ጎማውን የምታስር የአንዲት ዳዶ ፈቃድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ዳዶዎች እየተንጫጩም ቢሆን ተፈትተዋል። እሷ ግን ከብሎኗ ጋር በዝገት አንድ አካል ሆና ንቅንቅ አልልም ብላለች። መፍቻው ላይ ወጥቼ በሁለት እግሬ ቆምኩበት። በዚህ ዕድሜዬ በእኔ ክብደት የማይነቃነቅ ነገር ብዙ አይደለም፤ ይህቺ ግን ከጥቂቶቹ አንዷ ሆና ተገኘች።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አይቶኝ ኖሮ ስልኩን ይዞ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ለሁሉም ነገር ቪዲዮ አለው። ለራስ ምታት፣ ለልጅ አስተዳደግ፣ ለተጣበቀ ዳዶ። ቪዲዮው ላይ አዲስ ቱታ የለበሰ ሰው አዲስ መኪና አጠገብ ቆሞ፣ የመኪና ዕቃ የሚጣበቀው በሌላ በምንም ሳይሆን በባለቤቱ ቸልተኝነት ነው እያለ ያስረዳል።

"ሰማኸው?" አለኝ ጎረቤቴ። "ቸልተኝነት ነው።"

"ሰማሁት" አልኩት። "ሁልጊዜ አይደለም።"

ቅር ብሎት ሄደ። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ ቅር ብሎኛል። ቸልተኝነት በዚህ ዓለም ላይ የማይገባውን ያህል ስም አግኝቷል። ያነበብኳቸው ወፋፍራም የታሪክ መጻሕፍት መንግሥታት የወደቁት በቸልተኝነት ነው ይላሉ፤ በየመጻሕፍት መደብሩ በር ላይ የሚደረደሩት ቀጫጭኖቹ ደግሞ ትዳርም ጤናም የሚፈርሰው በቸልተኝነት ነው ይላሉ። እንክብካቤ ያበላሸውን ነገር ግን የሚጽፍ አላጋጠመኝም። እኔ ቢያንስ አንድ አውቃለሁ። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ፣ መፍቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ያንን ሳስብ ረፋዱ አለቀ።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም፣ ወላጆቼ ቤት ነው። አባቴ ሰይድ ሾፌር ነበር። አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። በእሷ እስከ አቀስታ፣ አንዳንዴም እስከ ወረኢሉ ገብስና ምስር፣ በግና ሰው፣ የሙሽራ ዕቃና በሽተኛ ያመላልስ ነበር። ከዚያ እንደ ብዙ የአገራችን ሰው ጅዳ ሄደ። እኔ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የሄደ ዕለት ፒካፗን ከጓሮ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አቆማት። ግቢያችን ወደ ጎረቤት አጥር ያዘነበለ ስለሆነ ከጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አስደገፈ፤ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ እስከ ጥጉ ሳበው፤ ከዚያ ወርዶ ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት።

"ዘሐራ፣ መኪናዋን አደራ" አላት።

ስለ እኔ ምን እንዳላት አላስታውስም። አንድ ነገር ሳይል አልቀረም።

አደራ የሚለውን ቃል የአሁን ሰው የስልክ መዝጊያ አድርጎታል፤ "በቃ ቻው፣ አደራ" ይባላል። እናቴ ያደገችው ግን ቃሉ ገና ክብደት በነበረው ቤት ነው። አባቷ ወሎ ቦረና ውስጥ የታወቁ የበቅሎ ሰው ነበሩ። መንገደኛ ሩቅ አገር ሲሄድ በቅሎውን ከነዕቃዋ እሳቸው ዘንድ ይተዋል፤ እሳቸውም ልጓሙን፣ እርካቡን፣ የኮርቻውን ብረት ሁሉ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ በተልባ ዘይት ይቀባሉ። አደራ የተባለ ብረት ዝጎ ከተገኘ ለተቀባዩ ቤት ውርደት ነው። እናቴ ከበቅሎ ወደ መኪና ለመሻገር ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሁለቱም ይጫናሉ፣ ሁለቱም ብረት አላቸው፣ የሁለቱም ባለቤት ሩቅ አገር ነው።

ስለዚህ በየጁምዓው፣ ከስግደት በኋላ፣ በሲኒ የተልባ ዘይትና አንድ የዶሮ ላባ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። የበሩን ማጠፊያ ትቀባለች፤ የፊቱን መከላከያ ትቀባለች፤ በርከክ ብላ የጎማውን ዳዶዎች አንድ በአንድ ትቀባለች፤ ከጎማው ጀርባ ላባው የሚገባበት ቀዳዳ ካገኘችም እዚያ ታንጠባጥባለች። ዘይቱን የምታገኘው ከጎረቤታችን ከጋሽ ደምሴ ነው። ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ወፍጮው አጠገብም ኑግና ተልባ የሚጨምቅ ማሽን። ፒካፗ በዚያ ዓመታት ሁሉ ሥራ አልፈታችም። የሞተሯ ክዳን ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ ጭነት መያዣዋ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ፤ እኔ ደግሞ ማትሪክ ያጠናሁት ጋቢናዋ ውስጥ፣ መሪዋ ላይ ደብተር ዘርግቼ ነው። ክረምት ሲገባ በዝናቡ ውስጥ ዝም ብላ ቆማ ትታጠባለች፤ ዝናቡ ሲያባራ እናቴ በጨርቅ አድርቃ መልሳ ትቀባታለች።

ወሬው የመጣው በኋላ ነው። አንዲት ከጅዳ የተመለሰች ሴት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ ሰይድ እዚያ ትዳር ይዟል፣ አይመጣም ብላ አወራች። እንዲህ ያለ ወሬ መካነ ሰላም ውስጥ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ መኪና አያስፈልገውም። እናቴ ሰማች። ከለቅሶ ቤት ተመልሳ ነጠላዋን ሰቀለች፣ ሲኒዋን አነሳች፣ ወደ ጓሮ ወጣች። ቀኑ ጁምዓ አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ቤት በመጣሁበት ዓመት፣ መስከረም ሲጠባ፣ አባቴ ደወለ። ሊመጣ ነው። ደሴ ድረስ ይመጣና ከዚያ በአውቶብስ ይቀጥላል። እናቴ ከስልክ ቤት ስትመለስ ፊቷ ላይ ደስታ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ግን እንግዳ ሊመጣባት ቤቷን ማጽዳት እንደጀመረች ሴት ያለ ችኮላ ነው።

"አጎትህን ጥራው" አለችኝ። "መኪናዋ ደሴ ትሄዳለች።"

አጎቴ ይማም የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ሾፌር ነበር፤ የእህል መኪና ይነዳ ነበር። አባቴ ከሄደ ጀምሮ በየጊዜው እየመጣ ጎማዎቿን ይነፋል፣ ሞተሯን ያስነሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ደህና ነው። በማግስቱ ማለዳ ባትሪ ይዞ መጣ። ዶሮዎቹን አስወረድን፣ በርበሬውን አነሳን፣ ድንጋዮቹን ከጎማዎቹ ሥር አስወገድን። ይማም የእጅ ፍሬኑን እየታገለ ወደ ታች መለሰው። ሞተሩ ተነሳ። ማርሽ አስገባ። ፒካፗ እንደ ደነገጠች ላም ወደፊት ተነስታ እዚያው ተቀመጠች፤ ሞተሩም ጠፋ። ደጋግሞ ሞከረ። የኋላ ጎማዎቿ መሬት የበቀለባቸው ይመስል አልዞሩም።

"ፍሬኗ ነክሷል" አለ ይማም። "ጎማውን ፈትተን፣ ታምቡሩን አውጥተን፣ ማላቀቅ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ናት።"

ታምቡር የሚባለው ፍሬኑን የሚሸፍነው፣ ከበሮ የሚመስል ብረት ነው። እሱን ለማውጣት ጎማው መውጣት አለበት፤ ጎማው እንዲወጣ ዳዶዎቹ መፈታት አለባቸው። ዳዶዎቹ ደግሞ አልፈታ አሉ። ሳያቸው ግን የሚያምሩ ነበሩ። የአሮጌ መኪና ዳዶ ጠቁሮና ዝጎ ነው የማውቀው፤ እነዚህ ማር የተቀቡ ይመስል ወርቅማ ሆነው ያበራሉ። ይማም መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ አጥልቆ ጎተተ። ቧንቧው ጎበጠ። መዶሻ አነሳ። የግቢያችን ውሻ ወጥቶ ሄደ።

"አንተ ኮሌጅ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ" ይለኛል። "መጽሐፍ አይደለም እኮ፣ በሁለት ጣት አይገለጥም።"

ድምፁን ሰምቶ ጋሽ ደምሴ መጣ። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ልብሱ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው ሰው ነበር። ቆሞ ትንሽ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

"ይማም፣ አትደብድባት። ወላሂ ታሳዝናለች።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ክርስቲያን ሆነው ወላሂ ሲሉ ይታመንልዎታል። እኔ ስል ግን አያምኑኝም።"

"አንተን በውሸት ስትምል ነዋ ያየሁህ።"

ጋሽ ደምሴ በወፍጮ ዕድሜውን ሙሉ ያሳለፈ በመሆኑ ስለ ተጣበቀ ብረት የራሱ ሃይማኖት ነበረው፤ እሱም ላምባና ትዕግሥት ይባላል። ዝገት በጉልበት አይወጣም፤ ላምባ ይጠጣና በራሱ ጊዜ ይለቃል። ዳዶዎቹን ሁሉ በላምባ አራስን። ላምባው ሲጠጣ እኛ ቆሎ በላን። እስኪመሽ ጠብቀን ሞከርን፤ ምንም። በማግስቱ እንደገና አራስን፣ እንደገና ቆሎ በላን። ከዳዶዎቹ ይልቅ የእኛ ጥርስ ነው የላላው። ይማም "የእርስዎ ትዕግሥት" እያለ ጋሽ ደምሴን ይነካል፤ ጋሽ ደምሴም የጎበጠውን ቧንቧ እያነሳ "ያንተ ጉልበት" እያለ ይመልስለታል። ዛሬ ሳስበው በአገራችን ያየሁት ክርክር ሁሉ ይህንኑ ይመስላል። አንዱ ወገን በመዶሻ፣ ሌላው በላምባ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚታገለው ነገር ዝገት መሆኑን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያረጋገጠ የለም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይማም እጁን በጨርቅ እየጠረገ እናቴ ወደ ቆመችበት ሄደ።

"እቴ፣ በአውቶብስ ይምጣ" አላት። "ሰው ሁሉ በአውቶብስ ነው የሚመጣ። እሷን ከዚያ በኋላ ተረጋግተን እናያታለን። ካልሆነም አጅባር ከተማ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አለ።"

እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም።

"ሰው ሁሉ በአውቶብስ ይምጣ" አለችው። "እሱ በአውቶብስ ከመጣ እንግዳ ነው። ሻንጣውን ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ቤቶች ብሎ የሚገባ እንግዳ። በራሱ መኪና ከመጣ ግን ቤቱ ነው የገባ።"

የላጠችውን ድንች ወደ ድስቱ ጥላ፣ "ይቺ ከተማ ደግሞ ማን በምን እንደገባ ታያለች" አለች።

ያኔ ነው ነገሩ የመኪና ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ወሬውን በአፏ መልሳ አታውቅም። መልሷ ፒካፗ ነበረች። ፒካፗ ደሴ ሄዳ አባቴን ይዛ በገበያው መሃል ካላለፈች፣ እናቴ ለመከራከር ያላት ነገር ሁሉ ጓሮ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

እኔም ያለኝን አዋጣሁ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ፊዚክስ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል ይላል። ዳዶዋ ብትሞቅ ትሰፋለች፣ ስትሰፋ ብሎኗን ትለቃለች። ይህንን በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ አስረዳኋቸው። ይማም ሲያዛጋ ጋሽ ደምሴ ግን ተነስቶ ሄደና ከወፍጮ ቤቱ በላምባ የሚሠራ፣ በአፉ የእሳት ነበልባል የሚተፋ መሣሪያ ይዞ ተመለሰ። ላምባውን ከዳዶዎቹ ላይ ጠረግን፤ ጎማው እንዳይቃጠል እርጥብ ጆንያ አለበስነው። ፀሐይዋ የመስከረም ፀሐይ ነበረች፤ አጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቶ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሆኖ ይተናል። ጋሽ ደምሴ ነበልባሉን ወደ መጀመሪያዋ ዳዶ አስጠጋ።

መጀመሪያ ትንሽ ጭስ ወጣ። ቀጥሎ ሽታ መጣ።

የሚያስርብ ሽታ ነበር። ይማም አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ፣ "እቴ ተልባ እየቆላች ነው እንዴ? ምን አስባ ነው?" አለ። ዘወር ስል እናቴ ከኋላችን ቆማለች። በትሪ የድንች ቅቅልና ዳጣ ይዛልን መጥታ ነው። የምትቆላው ነገር የለም። ድንቹን ካወጣች በኋላ ምድጃውን አጥፍታዋለች።

ጋሽ ደምሴ እሳቱን አጠፋ። ጎንበስ ብሎ የዳዶዋን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቀ። ወርቅማ፣ እንደ ሙጫ የደረቀ ነገር ተሰብሮ በጥፍሩ ወጣ። ምላሱ ላይ አደረገው። አጣጣመው።

"የእኔ ዘይት ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ለሦስታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ዝገት አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት በየጁምዓው የተቀባ ተልባ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየደረቀ፣ ዳዶውንና ብሎኑን፣ ከውስጥም ታምቡሩንና ፍሬኑን፣ አንድ ላይ አጣብቋቸዋል። ተልባ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን የአሮጌ በር ቀለም ያየ ሰው ያውቃል። የበቅሎ ልጓም ግን በየቀኑ የሚታጠፍ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ተልባው የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። ፒካፗ ቆማ ነበር።

ይማም መዶሻውን እንደያዘ ወደ እናቴ ዞረ። አፉን ከፈተ።

"ይማም፣ ድንቹ ይቀዘቅዛል" አለ ጋሽ ደምሴ።

ይማም አፉን ዘጋ።

እናቴ ትሪውን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጠች። መጥታ ጎማው ፊት በርከክ አለች፣ በየጁምዓው እንደምታደርገው። የዳዶዎቹን ጠርዝ አንድ በአንድ አየች።

"ዝገት አለው?" አለች በመጨረሻ።

"የለውም" አለ ጋሽ ደምሴ።

"አንድም?"

"አንድም፣ ዘሐራ። ወላሂ እንዲህ ንጹሕ ብረት አላየሁም።"

"እንግዲያው አደራ በላች የሚለኝ የለም።" ዳዶዋን በጣቷ ነካ ልታደርግ ብላ ትኩስ ሆኖባት እጇን መለሰች። "ተጣብቋል እንጂ።"

"ተጣብቋል" አለ ይማም። ከዚያ በላይ እንዳይናገር ራሱን ሲይዝ አንገቱ ቀልቷል።

"አይመጣም ያሉኝ ጊዜ ነው የበዛው" አለች እናቴ። "ያን ሰሞን ጁምዓም አልጠብቅም ነበር። ቁርስ ቀባኋት፣ ምሳ ቀባኋት።" ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስትነሳ ግን በነጠላዋ አፏን ይዛ እየሳቀች ነው። ጋሽ ደምሴም ሳቀ፤ "እኔስ እዚህ ቤት ምን ዓይነት ወጥ ነው ይህን ሁሉ ተልባ የሚበላ እያልኩ" አለ። ይማም እስከ መጨረሻው ላለመሳቅ ታገለ፤ ዳጣው ትን ስላለው ተሸነፈ።

ድንቹን በልተን ተነሳን። ጠላታችንን ካወቅነው በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። ዳዶዋ ስትሞቅ ተልባው ይጨሳል፣ ይለሰልሳል፤ ይማም መፍቻውን ሲስብ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ቋ ብላ ትለቃለች። እያንዳንዷ በለቀቀች ቁጥር ጋሽ ደምሴ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። እሳት ይበጃል ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ልክ ነበርኩ፤ ያልኩበት ምክንያት ግን ስህተት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትክክለኛ መልስ የያዘ ሰው ሳይ ምክንያቱን መጠየቅ ልማዴ ሆኗል፤ ለዚህም ወዳጅ አላፈራሁበትም።

ታምቡሮቹም በእሳትና በመዶሻ፣ በመሃል እንጨት እየተደረገ፣ ወጡ። ውስጣቸው ሲታይ ታምቡሩን ከውስጥ ገፍተው የሚይዙት የፍሬኑ ሸራዎች እስከ ጥግ ተወጥረው፣ አባቴ የእጅ ፍሬኑን በሳበበት ዕለት እንደነበሩ፣ በተልባ ደርቀው ቀርተዋል። የእጅ ፍሬኑ እጀታ ብቻ ነው ወደ ታች የተመለሰው። ጋሽ ደምሴ አየና፣ "ሰይድ ወጠረ፣ ዘሐራ ለጠፈች" አለ። ፋቅን፣ አጠብን፣ መልሰን ገጠምን። ሲመሽ ይማም ፒካፗን ግቢው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ነዳት። ዶሮዎቹ በጣም ተናደዱ።

ደሴ የሄድነው ይማም፣ እናቴና እኔ ነን። የዚያን ጊዜው መንገድ ጠጠር ነበር፤ ክረምቱ ቦርቡሮት ፒካፗ በጎንም በፊትም ትሄዳለች። አቀስታን አልፈን፣ የደጋውን የጉጉፍቱን ብርድ ጠጥተን፣ ደሴ ስንደርስ አባቴ በካርቶንና በብርድ ልብስ ተከቦ ቆሟል። ፂሙ ሸብቷል፣ ወፍሯል። እኔን ሲያይ መጀመሪያ አላወቀኝም፤ ካወቀኝ በኋላም እጄን ይዞ መልቀቅ አልቻለም። ከእናቴ ጋር ግን ቢሮ ውስጥ እንደተገናኙ ሰዎች ነበሩ።

"ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ። መንገዱ እንዴት ነበር?"

"ደህና ነው።"

ከዚያ ሁለቱም ወደ ፒካፗ ዞሩ፣ እሷ ላይ ማውራት የሚቀልላቸው ይመስል። አባቴ ዞሮ ዞሮ አያት። በሩን ከፍቶ ዘጋው። ማጠፊያው ድምፅ አላሰማም። እንደገና ከፍቶ ዘጋው።

ስንመለስ ይማም ይነዳል፣ እናቴ መሃል፣ አባቴ በር በኩል። እኔ ከኋላ ከካርቶኖቹ ጋር፣ በአዲስ የጅዳ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ። የጋቢናው የኋላ መስታወት ከድሮም የለም፤ በቦታው ያለው ካርቶን ነው፤ ስለዚህ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ከደሴ እስከ ጉጉፍቱ ይማም ብቻ ነው ያወራው፣ ስለ ምስር ገበያ። እንዲህ ያለ ዝምታ ቤት ድረስ ተከትሎን ቢገባ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ ብርዱም ረድቶት ሊሆን ይችላል።

ጉጉፍቱን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ይማም ፍሬን ደጋገመ። ፍሬኑ ሞቀ። ሽታውም መጣ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለ አባቴ። "ምግብ ምግብ ይላል።"

"ፍሬኑ ነው" አለ ይማም።

"ፍሬን ተልባ ይሸታል?"

ይማም ባዶ መንገድ ላይ ክላክስ አደረገ። እናቴ ናት የመለሰችው።

"እኔ ነኝ። ቀብቼው ነው።"

"ምኑን?"

"ሁሉን። በየጁምዓው። አደራ ብለህኝ የለም?"

"በተልባ?"

"አባቴ ልጓም የሚቀባ በተልባ ነው።"

አባቴ ጥቂት አሰበ። ሾፌር ነውና ነገሩን በእጁ ሳይነካ አወቀው። "ታዲያ አልተጣበቀም?"

"ተጣብቋል እንጂ። ሦስት ወንድ ነው ያላቀቀው።" ከዚያ ድምፅዋ ውስጥ የማውቃት እናቴ ብቅ አለች። "አንተስ ያን ፍሬን እንዲያ አድርገህ ምን ያስወጥርህ ነበር? ድንጋይ አስደግፈህ የለም ወይ?"

"እንዳትሄድ ብዬ ነዋ" አለ አባቴ።

ፒካፗ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ወጣች። ካርቶኖቹ ላዬ ላይ ወደቁ።

"አልሄደችም" አለች እናቴ።

የሚቀጥለውን ለመስማት ጆሮዬን ወደ ካርቶኑ አስጠጋሁ። የሰማሁት የአባቴን ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ። እናቴም ተከተለች። ይማም ምስክርነቱን ለመስጠት ሲጣደፍ፣ ላምባውን፣ መዶሻውን፣ ጋሽ ደምሴ የዳዶ ፍቅፋቂ ሲቀምስ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አወራው። መካነ ሰላም ስንደርስ ሦስቱም ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር። በገበያው መሃል ስናልፍ እናቴ መስታወቱን እስከ መጨረሻው እንዲያወርደው አዘዘችው፤ አባቴም ምክንያቱን ሳይጠይቅ አወረደው።

ጅዳ ትዳር ነበረው የተባለው እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴም የጠየቀችው አይመስለኝም። በትዳር ውስጥ ሁሉም ነገር በግልጽ ተነስቶ መነጋገር አለበት የሚሉ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ጸሐፊዎቻቸው ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ፍሬን ሲስቁ የሰሙ አይመስሉኝም። አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ ጅዳ አልተመለሰም። ፒካፗንም እስክታረጅ ድረስ ነዳት፤ ቁልቁለት በያዘች ቁጥር ለብዙ ወር ሰው ታስርብ ነበር።

ይህንን ሁሉ እያሰብኩ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደረሰች። ተነስቼ መካነ ሰላም ደወልኩ። እናቴ አነሳችው። ከሰላምታውና ከልጆቹ ጤና በኋላ ዳዶዋን ነገርኳት።

"ተጣብቆ ነው ወይስ ዝጎ?" አለችኝ።

"ዝጎ።"

"የእኔ እንኳ አልዛገም" አለች። ከአጠገቧ አባቴ "የእጅ ፍሬን ስቦ ነበር ወይ በይው" ሲል ይሰማኛል።

ስልኩን ዘግቼ ከጎረቤቴ ነበልባል የሚተፋ መሣሪያ ተዋስኩ። ዳዶዋን ለብልቤ መፍቻውን ስስበው፣ ቋ አለች፤ ወጣች። ማንም እንዳያየኝ ዞር ብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። የሸተተችው ብረት ብቻ ነው። ማንም ቀብቷት አያውቅም። የእኔዋ የተጣበቀችው በእርግጥ በቸልተኝነት ነው ማለት ነው።

መሣሪያውን ስመልስ ጎረቤቴ "ወጣች?" አለኝ። ወጣች አልኩት። የቀረውን አልነገርኩትም።